ጌታን መለወጥና ነጻ መውጣት
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

በዘመናችን የፖለቲካ ቋንቋ «ፖፑሊዝም» የሚለው ቃል እየተደጋገመ ይሰማል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መሠረቱ «ሕዝብ» ማለት ነው። ለሕዝብ ማሰብና ለሕዝብ መሥራት የማንኛውም መንግሥት ግዴታ ስለሆነ በስሙ ብቻ የሚነቀፍ ነገር አይገኝበትም። ዳሩ ግን በዚህ ስም የሚጠራው የፖለቲካ አካሄድ የራሱ ምልክት አለው። ይኸውም አንድ መሪ ይነሣና አገሩን በሁለት ይከፍላል፤ በአንድ ወገን የተበደለውን ሕዝብ፣ በሌላው ወገን ጥቂት ባለጸጎችንና ከበስተኋላቸው የቆመውን ባዕድ ኀይል ያቆማል። ከዚያም በፓርላማና በፍርድ ቤት በኩል መሄዱን ትቶ፣ በአደባባይ በቀጥታ እየተናገረ «የሕዝቡ ድምፅ እኔ ነኝ» ይላል።

ይህ አካሄድ ሥር ከሰደደባቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ ላቲን አሜሪካ ነው። ይህ ክፍለ ዓለም ከምድሩ የሚያወጣውን ጥሬ ሀብት ለታላላቅ መንግሥታት እየሸጠ፣ የሚያስፈልገውን መኪናና ገንዘብ ከእነርሱ እየተቀበለ ኖሯል። በመጀመሪያ እንግሊዝ፣ ቀጥሎ አሜሪካ፣ ከዚህ ክፍለ ዘመን መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ቻይና በተራ በገበያውና በግምጃ ቤቱ ገብተዋል። እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው። አንድ መሪ «ባዕዱን አስወጣሁት» ብሎ ባወጀ ጊዜ ጥገኝነቱ በእርግጥ ይወገዳልን? ወይስ ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ደጃፍ ብቻ ይዛወራል? መልሱን በአርጀንቲና ታሪክ እንመልከት፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አርጀንቲና ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሥጋና ስንዴ በብዛት ለእንግሊዝ ትሸጥ ነበር። የምድር ባቡሮቿን የሠሩትና የያዙት በአብዛኛው የእንግሊዝ ኩባንያዎች ነበሩ። ሐዲዶቹም ከሰፊው ሜዳ እየተነሡ እንደ እጅ ጣቶች ወደ ቡዌኖስ አይረስ ወደብ ይሰበሰባሉ፤ ዋና ዓላማቸው የእርሻውን ፍሬ ወደ መርከብ ማድረስ ነበርና። በ1932 እንግሊዝ በኦታዋ ጉባኤ ከግዛቶቿ ለሚመጣ ዕቃ ብልጫ ለመስጠት በወሰነች ጊዜ አርጀንቲና ደነገጠች። የሥጋ ገበያዋን እንዳታጣ በ1933 በለንደን የሮካና የረንሲማን ስምምነት የተባለውን ውል ፈረመች። እንግሊዝ የምትገዛውን ሥጋ መጠን እንዳትቀንስ ስትስማማ፣ አርጀንቲና በበኩሏ በእንግሊዝ ዕቃ ላይ ያለውን ቀረጥ ለመቀነስ ተስማማች፤ ከሥጋውም ንግድ 85 በመቶ የሚሆነው በውጭ አገር ኩባንያዎች እጅ እንዲቆይ ተደረገ። ለብዙ አርጀንቲናውያን ይህ ውል የውርደት ምልክት ሆኖ ቀረ።

በዚህ ቁጭት መካከል የተነሡት ሁዋን ፔሮን ናቸው። ከ1943 ጀምሮ የሠራተኛ ጉዳይ ሹም ሆነው የሠሩት ይህ ኮሎኔል ለሠራተኛው ጡረታን፣ ደመወዝ የማይቋረጥበት የዕረፍት ጊዜንና በዓመቱ መጨረሻ የሚከፈል ተጨማሪ ደመወዝን አስፋፉ። በኦክቶበር 1945 በታሰሩ ጊዜ ሠራተኛው ከየፋብሪካው ወጥቶ አደባባዩን ስለሞላው ተለቀቁ። የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ስፕሩይል ብሬደን ፔሮንን በግልጽ ይቃወሙ ነበር፤ በ1946 ከምርጫው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎም የአሜሪካ መንግሥት ፔሮንን የሚከስ ሰማያዊ መጽሐፍ የተባለ ጽሑፍ አወጣ። የፔሮን ደጋፊዎች ይህን እንደ መልካም አጋጣሚ ተጠቅመው ምርጫው በብሬደንና በፔሮን መካከል ነው እያሉ በየግድግዳው ጻፉ። ፔሮንም ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተው ተመረጡ። ከዚህ የምንረዳው ሕዝቡ እንዲያው በንግግር የተታለለ አለመሆኑን ነው። የተበደለበት ነገር እውነተኛ ነበር፤ ያገኘውም ጥቅም እውነተኛ ነበር።

በጁላይ 9 ቀን 1947 ፔሮን ቱኩማን በተባለችው ከተማ የኢኮኖሚ ነጻነትን አወጁ። በ1948ም የእንግሊዞቹን የምድር ባቡሮች በ150 ሚሊዮን ፓውንድ ገዙ፤ ሕዝቡም በታላቅ ደስታ ተቀበለው። አንባቢ ግን የሒሳቡን መዝገብ ገልጦ ይመልከት። አርጀንቲና በጦርነቱ ዘመን ለእንግሊዝ ሸጣ ያከማቸችው ፓውንድ በለንደን ተቀምጦ ነበር። እንግሊዝ በኦገስት 1947 ፓውንድን በዶላር መለወጥ ስላቆመች፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ከአሜሪካ ትራክተርና ሞተር ሊገዛ የማይችል ሆነ። ባቡሮቹ ደግሞ ያረጁ ነበሩና አዲስ ሎኮሞቲቭና መለዋወጫ ፈለጉ፤ ለዚህም ዶላር ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት አሜሪካ አውሮፓን ለማቋቋም የማርሻልን ዕቅድ ስትጀምር፣ የአርጀንቲና ባለሥልጣኖች በዕቅዱ ገንዘብ ስንዴያቸው ይገዛል ብለው ተስፋ አደረጉ። ተስፋው ሳይፈጸም ቀረ።

በአገር ውስጥም መንግሥት ያቋቋመው የንግድ ድርጅት የገበሬውን እህል በዝቅተኛ ዋጋ እየገዛ በውጭ አገር በከፍተኛ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ትርፉ ለፋብሪካና ለከተማ ሠራተኛ ጥቅም ዋለ፤ ገበሬው ግን ማረሱን ቀነሰ። የእህል ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅና ድርቅ ሲደርስ፣ በስንዴዋ የታወቀችው አገር በ1952 ስንዴ ከውጭ አስገባች፤ ሕዝቧም ከሌላ እህል ጋር የተቀላቀለ ጥቁር ዳቦ በላ። ከባዕድ አንበደርም ሲል የነበረው መንግሥት በ1950 ከአሜሪካ የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ የ125 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተፈቅዶለት ነበር። በ1955 ከአንድ የካሊፎርኒያ ዘይት ኩባንያ ጋር የነዳጅ ውል ተዋዋለ፤ ይህም የራሱን ደጋፊዎች ሳይቀር አስቈጣ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ፔሮን በጦር ሠራዊቱ ከሥልጣን ወረዱ። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

«እንግዲያውስ በኀያላን ፉክክር መካከል ያለች አገር ምንም ማድረግ አትችልም ማለት ነውን?» ብሎ አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። እንዲህ አይደለም። የጎረቤቲቱን የብራዚልን ነገር እንመልከት። ፕሬዚዳንት ዤቱሊዮ ቫርጋስም የሕዝብ አባት መባልን የሚወዱ ሰው ነበሩ። በ1930ዎቹ ዓመታት ከጀርመንም ከአሜሪካም ጋር እየነገዱ የሁለቱን ፉክክር በትዕግሥት ተመለከቱ። የጀርመን ኩባንያ እንዳይቀድማት የፈራችው አሜሪካ በ1940 ለብረት ፋብሪካ የሚሆን 20 ሚሊዮን ዶላር ለማበደር ተስማማች፤ በቮልታ ሬዶንዳ የተሠራው ፋብሪካም በ1946 ሥራ ጀመረ። ብራዚል በዚህ ጥገኝነቷን ጨርሳ አልጣለችም፤ ነገር ግን ኀያላኑ ሲሄዱ አብሮ የማይሄድ ሀብት አተረፈች። ልዩነቱ ያለው በንግግሩ ኀይለኛነት ሳይሆን በተገኘው ነገር ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንለፍ። በ2006 መጀመሪያ የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ኔስቶር ኪርችነር ለዓለም የገንዘብ ድርጅት የነበረባቸውን 9.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ በአንድ ጊዜ ከፍለው አገራቸውን ከድርጅቱ ቁጥጥር አወጡ። ነገር ግን የውጭ ገንዘብ ፍላጎቱ ስላልቆመ መንግሥት የዕዳ ሰነዱን ለቬኔዝዌላው ፕሬዚዳንት ለሁጎ ቻቬዝ መንግሥት ይሸጥ ነበር፤ በ2008 ወለዱ ወደ 15 በመቶ ደረሰ። ይህም ድርጅቱ ከሚያስከፍለው እጅግ የበለጠ ነው። ቻቬዝ ራሳቸው አሜሪካን በየመድረኩ ቢያወግዙም፣ በዘመናቸው ሁሉ የነዳጃቸው ታላቅ ገዢ አሜሪካ ነበረች። ከ2007 ጀምሮም ከቻይና በነዳጅ የሚከፈል ብዙ ቢሊዮን ዶላር ተበደሩ። በ2014 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ቬኔዝዌላ ለአሮጌው ዕዳ የምትልከው በርሜል በዛ፤ በእጇ የሚገባው ገንዘብ ግን አነሰ።

አርጀንቲናም በበኩሏ በ2009 ከቻይና ጋር የገንዘብ ልውውጥ ውል ተዋዋለች። ይህ ማለት ሁለት ማዕከላዊ ባንኮች የየራሳቸውን ገንዘብ ለተወሰነ ጊዜ ሊለዋወጡ መስማማታቸው ነው። ልውውጥ ይባል እንጂ የቻይናን ዩዋን ወስዶ ለሚጠቀምበት ወገን ወለድ ያለበት ብድር ነው። በ2018 አገሪቱ እንደገና ወደ ገንዘብ ድርጅቱ ተመልሳ በታሪኩ ከፍተኛውን ብድር ተፈቀደላት፤ በ2023ም ለድርጅቱ ከሚከፈለው ዕዳ ከፊሉን የከፈለችው በዩዋን ነበር። እንግዲህ የአንዱ አበዳሪ ገንዘብ ለሌላው አበዳሪ ዕዳ መክፈያ ሆነ ማለት ነው።

በዚያው በ2023 የተመረጡት ሐቪየር ሚሌይ በሐሳብ የፔሮን ተቃራኒ ናቸው፤ ለሕዝቡ የሚናገሩበት መንገድ ግን ብዙም አይለይም። በምርጫው ዘመቻ ከኮሙኒስቶች ጋር አልነግድም አሉ። በጁን 2024 ግን የቻይናው ውል 5 ቢሊዮን ዶላር የሚሆነው ክፍል ታደሰላቸው። በኦክቶበር 2025 ደግሞ የአሜሪካ ግምጃ ቤት የ20 ቢሊዮን ዶላር የልውውጥ ውል ሰጣቸው፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕም የሚሌይ ወገን በምርጫው ከተሸነፈ አገራቸው እንደማትለግስ በይፋ ተናገሩ። በ1946 የአሜሪካ ጣልቃ መግባት ለፔሮን ድል ረዳ፤ በ2025 ግን የሚሌይ ወገን በዚህ መካከል አሸነፈ። ስሙና ቀለሙ ቢለዋወጥም የአገሪቱ ዋና ሀብት ዛሬም ከእርሻ የሚወጣ ነው፤ ዋናው አኩሪ አተር ሲሆን፣ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ከግማሽ በላይ የምትገዛው ቻይና ናት።

ስለዚህ አንድ መሪ ነጻነትን ባወጀ ጊዜ አስተዋይ አንባቢ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ። አንደኛ፣ አገሪቱ የምትሸጠው ምንድን ነው፤ ገዢዎቿስ ስንት ናቸው? ሁለተኛ፣ ዕዳው በማን ገንዘብ ተጽፏል፤ ነገ «አምጣ» ሊል የሚችለውስ ማን ነው? ሦስተኛ፣ ያ ኀያል መንግሥት ዛሬ ቢሄድ በአገሩ ምድር ምን ይቀራል? ለእነዚህ መልስ የሌለው አዋጅ፣ ጌታን ይለውጣል እንጂ ሎሌነትን አያስቀርም።

የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በአደባባይ ንግግር ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው በውሉ አንቀጽ፣ በቀረጡ ሠንጠረዥና በዕዳው መዝገብ ነው። ይህን መዝገብ የሚያዘጋጀውና የሚጠብቀው ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ በጠረጴዛው ፊት የተቀመጠ ሠራተኛ ነው። እርሱ ቁጥሩን አጣርቶ በጊዜው እውነቱን ለአለቃው ቢያቀርብ አገሩን ከብዙ ጸጸት ያድናል፤ ጭብጨባውን ሰምቶ ዝም ቢል ግን ጭብጨባው ያልፋል፣ ዕዳው ለልጆቹ ይተርፋል።