አኻያን በወንዝ ዳር እንዴት እናለማለን?



ከጮቄ ተራራ የሚነሱ ወንዞችና ገባሮቻቸው በየክረምቱ ዳርቻቸውን እየናዱ የእርሻና የግጦሽ መሬት ይወስዳሉ። የተናደ መሬት አይመለስም፤ የቀረውን ግን ማዳን ይቻላል። ለዚህ ከሚረዱ አገር በቀል ዛፎች አንዱ አኻያ ነው። የተጠላለፈው ሥሩ አፈር ይይዛል፤ ቅርንጫፉም ጎርፍ ሲመጣ ይተጣጠፋል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም።

የት ይተከላል?

በቢቸናና በሞጣ በጋው ደረቅ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በረባዳ ቦታም ውርጭ ይጥላል። አኻያ ይህን ጊዜ የሚያልፈው ሥሩ እርጥበት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ በወንዝ፣ በጅረትና ውሃ በሚተኛበት መሬት ዳር ይትከሉት። ደረቅ ተዳፋት ላይ አይትከሉ። ውሃ ስለሚወድ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድም ይራቅ።

እንዴት ይተከላል?

1. የአኻያ ዘር ቶሎ ስለሚበላሽ የሚቀለው በቁራጭ ማባዛት ነው። ወንዴና ሴቴ ዛፉ የተለያየ ስለሆነ ቁራጩን ከአንድ ዛፍ ብቻ አይውሰዱ።
2. አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ጤናማ ቅርንጫፍ መርጠው በሰላ መሣሪያ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይቁረጡ።
3. በዚያው ቀን ይትከሉ፤ ካልተቻለ የታችኛውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ያቆዩ።
4. ዝናቡ ሲረጋ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይትከሉ። የዘገየ ችግኝ ሥር ሳይሰድ ውርጭ ይደርስበታል።
5. በአንካሴ ቀዳዳ አበጅተው፣ እምቡጡን ወደ ላይ አድርገው፣ ከሦስት እጁ ሁለቱን ይቅበሩ። አፈሩን አጥብቀው ይርገጡ።
6. በቁራጮቹ መካከል ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይተዉ። ደራሽ ውሃ በቀጥታ በሚመታው ቦታ ሳይሆን ከዳርቻው ላይኛ ክፍል ይጀምሩ።

እንክብካቤ

ልቅ ግጦሽ አኻያን ያጠፋል። ከብትና ፍየል ቅጠሉን ይወዱታልና ቢያንስ ለ2 ዓመት በእሾህ ይጠሩት። ዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ሥሩ ይጋለጣል፤ ስንጥቁን በአፈር ደፍነው ዙሪያውን በደረቅ ሣር ይሸፍኑ።

ውርጭ ቅጠሉን ቢያቃጥለው ለመንቀል አይቸኩሉ። ቅርፊቱን በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉ፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው፣ ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቁጣል።

ጥቅሙ

ዛፉ ከጠነከረ በኋላ ከላይ እየቆረጡ ለመኖ፣ ለማገዶና ለአጥር መጠቀም ይችላሉ። በአንድ ዓመት ሁሉንም አይቁረጡ፤ ግንዱንም ከሥሩ አይንቀሉ። ዳርቻውን የያዘልዎት ሥሩ ነው።

የአንድ ሰው ዳርቻ ብቻውን አይድንም፤ ውሃው ባልተተከለበት በኩል ይሰብራል። ስለዚህ በዚህ ክረምት የራስዎን ሲተክሉ ከላይና ከታች ላሉ ጎረቤቶችዎም ቁራጭ ያካፍሉ።