መኮንን መሆን የሚሻ ልጅና የእኛ ዕዳ

አገር በሁለት ነገር ትጠበቃለች፤ አንደኛው ዕውቀት ነው፤ ሁለተኛው ጀግንነት ነው። ጀግንነት ያለ ዕውቀት የሆነ እንደ ሆነ ደም በከንቱ ይፈስሳል፤ ዕውቀትም ያለ ጀግንነት የሆነ እንደ ሆነ የሰበሰበውን ሌላ ይወርሰዋል። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ አገናኝቶ የሚያወጣው ቤት የመኮንኖች ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት መኮንን ለመሆን ቈርጦ ማመልከቻ ሲጽፍ፣ ነገሩ የእርሱና የቤተ ሰቡ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታየን አይገባም።

ይህን ስንጽፍ በሐሳባችን የያዝነው በወላይታ ዞን በዱጉና ፋንጎ ወረዳ፣ በዲምቱ ከተማ የሚማረውን ወጣት ነው። የወላይታ ምድር ሕዝቡ የበዛበት፣ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚደርሰው መሬት ግን እጅግ ያነሰበት አገር ነው። አባት ለብዙ ልጆች ከፋፍሎ የሚያወርሰው እርሻ ስለሌለው፣ ብዙ ልጅ ገና ሳይጠነክር ትምህርቱን ትቶ አዲስ አበባ ገብቶ ጫማ ሲጠርግና ሎተሪ ሲያዞር እናያለን። በላብ መብላት ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ቀለም ሊገባው የሚችል አእምሮ በመንገድ ዳር ሲቀር ጉዳቱ የአገር ነው። ከነዚህ መካከል በትምህርቱ ጸንቶ 12ኛ ክፍል የደረሰና አገሩን በመኮንንነት ሊያገለግል ያሰበ ልጅ ሲገኝ፣ ረዳት አጥቶ እንዳይመለስ መጠንቀቅ የማን ሥራ ነው? የሁላችንም ነው።

የቀድሞውን እናስታውስ። በ1927 ዓ.ም. የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ አምስት የስዊድን መኮንኖች አስተማሪዎች ሆኑ። ዕጩ መኮንኖቹ ግን እንዲሁ ከመንገድ የተሰበሰቡ አልነበሩም፤ በዳግማዊ ምኒልክና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤቶች፣ እነርሱንም በመሰሉት ቋንቋና ሒሳብ የተማሩ ልጆች ነበሩ። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መጣ። አንዳንዶቹ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ሆነው በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. በነቀምት አጠገብ በቦናያ የጠላትን አይሮፕላኖች አቃጠሉ። ከመጀመሪያዎቹ የሆለታ ዕጩ መኮንኖች አንዱ የነበሩት ሙሉጌታ ቡሊም ከነጻነት በኋላ የክብር ዘበኛ አዛዥ ሆነው ጄኔራልነት ደርሰዋል። ያ ትምህርት ቤት አሥር ዓመት ቀድሞ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ በማይጨው የተሰለፈው ሠራዊት ስንት የተማረ መሪ ባገኘ ነበር! በ1950 ዓ.ም. በሐረር የተከፈተው የጦር አካዳሚም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጡትን መርጦ፣ በሕንድ መኮንኖች መሪነት የጦርን ሙያ ከቀለም ትምህርት ጋር ሦስት ዓመት ያስተምር ነበር። ከዚህ የምንረዳው የመኮንንነት በር ብዕር መሆኑን ነው።

ለዲምቱ ጎረቤት የሆነው የብላቴ ቈላ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሊወድቅ በተቃረበ ጊዜ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ተላኩ። ጥቂት ወራት ሳያልፉ መንግሥቱ ወደቀ፤ ብዙዎቹም በእግራቸው ወደ ኬንያ ተሰደዱ። ሆለታም ብላቴም ተማሪን ለጦር ያሰናዱ ቦታዎች ናቸው፤ ነገር ግን ተማሪን በችኮላ ሰብስቦ ጠመንጃ ማስያዝ መኮንን አያደርገውም። መኮንን የሚገኘው ፈቅዶ ከመጣና በጊዜው ከተማረ ሰው ነው። ስለዚህ እንርዳው ስንል እንግፋው ማለታችን አይደለም።

እንግዲህ ርዳታው ምንድር ነው? መጀመሪያው የትምህርት ርዳታ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ በተሰጠ ጊዜ፣ ከተፈታኞቹ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ። ይህ ቍጥር ለሁላችን ተግሣጽ ነው። በቢሾፍቱ ባሉት የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስናና የጤና ኮሌጆች መማርን የሚመኝ ልጅ ይህን ጠባብ በር በሒሳብና በሳይንስ እንጂ በምኞት አያልፈውም። ስለዚህ ማስታወቂያው ከመውጣቱ ሁለትና ሦስት ዓመት ቀድሞ መምህሩ ሊያጠናው፣ አባቱም በእርሻ ወራት ከትምህርቱ እንዳያስቀረው ሊጠነቀቅ ይገባል። ጥሪው በወጣ ዕለት ብቻ የሚነሣ ረዳት፣ ዝናም ከጀመረ በኋላ ቤቱን ሊከድን እንደሚሮጥ ሰው ነው።

ሁለተኛው የሹማምንት ርዳታ ነው። አንድ የድኻ ልጅ ማስረጃ ፍለጋ ሦስትና አራት ቀን ከቀበሌ ወደ ወረዳ ሲመላለስ፣ ከቈላው ወደ ሶዶ ለመውጣት ያጠራቀመው የመኪና ዋጋ በምልልሱ ያልቃል፤ የማመልከቻውም ቀን ያልፋል። በመዝገብ ቤት ለሚቀመጠው ሰው ነገሩ «ነገ ተመለስ» የሚል አንድ ቃል ነው፤ ለልጁ ግን አንድ ዓመት ነው፤ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን ነው። ማስታወቂያውም በቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንዳይቀር በትምህርት ቤትና በገበያ ሊነገር፣ የተራ ወታደር ምዝገባና የዕጩ መኮንን ምርጫም ልዩነታቸው ተለይቶ ሊገለጥ ያስፈልጋል። ልጁ የማይፈልገውን ወረቀት ፈርሞ እንዳይገኝ ይህ ታላቅ ጥንቃቄ ነው።

በዕድሜ ነገር ላይ ከሁሉ ይልቅ እንጠንቀቅ። የልደት ምዝገባ በአገራችን በሕግ ተደራጅቶ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዛሬ 18 ዓመት የሞላው ልጅ የተወለደው ከዚያ በፊት ስለሆነ፣ በተወለደበት ጊዜ የተጻፈ የመንግሥት መዝገብ የለውም። በዚህ ክፍተት ገብቶ የ16 ዓመቱን ልጅ 18 ነው ብሎ መጻፍ ለልጁ ውለታ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ይህ ውለታ አይደለም፤ ለጦርነት ያልደረሰን ሕፃን አሳልፎ መስጠት ነው። በሐሰት የጀመረ መኮንን ነገ ስለ ወታደሮቹ ስንቅና ደመወዝ እውነት ይጽፋል ብሎ ማን ይተማመናል?

የካህናትም ርዳታ የሚያስፈልገው በዚሁ ቦታ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን ያጠመቀችበትን ቀን የምታውቅ ናትና፣ መዝገብ ያላት በመዝገቧ፣ የሌላትም በካህናቷ ምስክርነት እውነተኛውን ዕድሜ ልትናገር ይገባታል። ከዚህም በላይ የእናቲቱን ጭንቀት የሚያደምጥ ከካህን የተሻለ የለም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ የነበረው ጦርነት የስንቱን ቤት በር እንዳንኳኳ የምታውቅ እናት፣ ልጇ የጦር ልብስ ሊለብስ ነው ስትባል ብታለቅስ አይፈረድባትም። ካህኑ ልቅሶዋን አይንቀፍ፤ አደጋ የለም ብሎም አያታልላት። ጌታችን ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ወጪውን ይቈጥራል፤ ለጦርነት የሚወጣ ንጉሥም ተቀምጦ ይመክራል ብሎ አስተምሯልና፣ ልጁና እናቱ በአንድነት ተቀምጠው ይቍጠሩ። መንግሥት ከፍሎ የሚያስተምረው በአገልግሎት የሚመለስ ብድር ስለሆነ፣ ግዴታው ስንት ዓመት እንደሆነ ከመፈረም በፊት ጠይቀው ይረዱ። ከመከሩ በኋላ ልጁ ሐሳቡን ቢለውጥ ፈሪ አይባል፤ ቢጸና ግን መጥምቁ ዮሐንስ ጭፍሮችን እንደ መከራቸው፣ ማንንም እንዳይበድልና በደመወዙ እንዲረካ ተመክሮ ተመርቆ ይሂድ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ87ኛው አንቀጽ የመከላከያ ሠራዊት የብሔሮችን፣ የብሔረሰቦችንና የሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋፅኦ ያካተተ እንዲሆን ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ በአዲስ አበባ ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ የዲምቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ አንዲትን ወረቀት በቀኗ ሲሰጥ ይፈጸማል፤ በቀኗ ሲከለክልም ይፈርሳል። የሠራዊት ተዋፅኦ በተራ ወታደር ቍጥር ብቻ ሞልቶ ከአዛዦች መካከል ቢጐድል፣ ሚዛኑ ተስተካከለ አይባልም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የአንዱን ልጅ የመኪና ዋጋ፣ የአንዱን ወር የጥናት መብራት፣ የአንዲትን ቀን ምስክርነት ተካፍለን ብንይዘው ለማንም አይከብድም። ልጁ ተመርጦ ቢገባ ደስ ይበለን፤ ባይመረጥም ያጠናው ሒሳብና የተማረው እውነተኛነት ከእርሱ ጋር ይቀራልና ለሌላ ሥራ ይሆነዋል። የምናፍረው በፈተና የወደቀ እንደ ሆነ አይደለም፤ በእኛ ቸልተኝነት ከፈተናው አዳራሽ ሳይደርስ የቀረ እንደ ሆነ ነው። እግዚአብሔር ለወጣቶቻችን ማስተዋልን፣ ለእኛም ትጋትን ይስጠን።