ጠመንጃ ዝም ያለበት የገና ሌሊት

ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች! ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ስታስተኙ ይህን አንብቡላቸው። ፊደሉን በጣታችሁ እየተከተላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ነገሩ ተረት ይመስላል። ግን የሆነ ነው።

ዘመኑ 1907 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከተነሣ አምስት ወር ሊሞላው ነው። ቤልጂግ በሚባል አገር እንግሊዞችና ጀርመኖች ምሽግ ቆፍረው ፊት ለፊት ይጠባበቃሉ። ዝናብ ምሽጉን ሞልቶታል። ወታደሩ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። በሁለቱ ምሽጎች መካከል ያለው ሜዳ አንዳንድ ቦታ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በሜዳው ላይ የወደቁትን ሙታን የሚያነሣቸው የለም። ቀና ያለ ሁሉ ይመታላ!

የእነሱ ገና ከእኛ ይቀድማል። ዋዜማው ታኅሣሥ 15 ቀን ነበር። ያን ዕለት ውርጭ ወረደና ጭቃው ጠጠረ። ሲመሽ ጀርመኖቹ ትንንሽ የጥድ ዛፎች በምሽጋቸው አፋፍ ላይ አቆሙ፤ ሻማም አበሩባቸው። ከዚያ የገና መዝሙር ዘመሩ። እንግሊዞቹ አዳመጡ። ሲያልቅ አጨበጨቡና እነሱም በተራቸው ዘመሩ።

ሲነጋ ወታደሮቹ ባዶ እጃቸውን ከምሽግ ወጡ። ሜዳው መሀል ተገናኝተው ተጨባበጡ። ትምባሆ ተሰጣጡ፤ የኮታቸውን ቁልፍ እየበጠሱ ተለዋወጡ። ሙታኖቻቸውን ቀበሩ። እኛ በገና ሩር እንደምንመታ፣ እነሱም ኳስ የመቱ ነበሩ። እንዲህ የሆነው ግን በሁሉም ቦታ አይደለም። ሌላ ቦታ ያን ዕለትም ሰው ሞቷል።

«ታዲያ ታረቁ?» ብለው ልጆቻችሁ ይጠይቁ ይሆናል። አትዋሹአቸው። አልታረቁም። እኛ አገር በገና ጨዋታ ጌታ አሽከሩን አይቆጣም ይባላል። የእነሱ አለቆች ግን ተቆጡ። ከጠላት ጋር መገናኘት ክልክል ነው አሉ። ተኩሱ ቀጠለ። ጦርነቱ ያበቃው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ሚሊዮኖች አለቁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በምን አወቅን? ተራ ወታደሮች ያዩትን ለቤተሰባቸው ጽፈው ነው። እዚያው ምሽግ ውስጥ፣ በቀዘቀዘ ጣት፣ በእርሳስ ጻፉ። ቤተሰቦቻቸውም ደብዳቤውን ለጋዜጣ ሰጡ፤ ታተመ። አለቆቹ ሜዳውን መልሰው የተኩስ ሜዳ አደረጉት። የተጻፈውን ግን ሊያጠፉት አልቻሉም። ይኸው ዛሬ እናንተ አነበባችሁት።

ጥያቄዎች
1. ጀርመኖቹ በምሽጋቸው ላይ ምን አቆሙ?
2. አለቆቹ ለምን ተቆጡ ትላላችሁ?
3. እናንተስ ለልጆቻችሁ ጽፋችሁ ልታቆዩላቸው የምትፈልጉት ያያችሁት ነገር ምንድን ነው? በሦስት መስመር ጻፉት።