የጉዳት ቁጥር ሲያንስ ሁልጊዜ ደግ ምልክት አይደለም፦ በኢስትሙር ለምትኖሩ ሠራተኞች

በኢስትሙርና በአካባቢው ከምትኖሩት መካከል ለሌሊት ሺፍት ወደ ግሮቭፖርትና ሪከንባከር ዌርሃውሶች የምትሄዱ፣ በነርሲንግ ሆም አረጋውያንን የምትንከባከቡ፣ ትራክ የምትነዱ አላችሁ። የዛሬው ጉዳይ እናንተን ይመለከታል። በአሜሪካ የሥራ ላይ አደጋ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው በእጅጉ ይለያያል። ለምን? ቁጥሩስ እውነቱን ይናገራል ወይ?

በሞት እንጀምር። የፌዴራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንደመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2022 በመላ አገሪቱ 5,486 ሰዎች በሥራ ላይ ሞተዋል፤ ከ100,000 የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ 3.7 ማለት ነው። በዚያ ዓመት ቴክሳስ 578 ሰው ስታጣ ዋዮሚንግ ያጣችው 34 ነው። ታዲያ የከፋችው ቴክሳስ ናት እንበል? አይደለም። ከሠራተኛው ብዛት ጋር ሲመዛዘን ቴክሳስ 4.2፣ ዋዮሚንግ 12.7 ነው። ዋዮሚንግ የነዳጅ፣ የማዕድን፣ የከብት እርባታና የረጅም መንገድ አገር ናት። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚፈጥረው የሥራው ዓይነት ነው፤ በመላ አገሪቱም ከሁሉ በላይ ሠራተኛ የሚሞተው በመጓጓዣ አደጋ ነው። ደግሞም ሕዝቧ ትንሽ ስለሆነ በቀጣዩ ዓመት ሟቾቹ 45 ሲደርሱ መጠኑ ወደ 16 አሻቀበ። በ11 ሰው ብቻ። "ብቻ" ስል ለስሌቱ እንጂ ለቤተሰቡ አይደለም።

ሞትን መደበቅ ይከብዳል፤ ጉዳት ግን ይደበቃል። የሟቾች ቆጠራ ከሞት ምስክር ወረቀት፣ ከመንግሥት መዝገብ፣ ከዜና ጭምር ይሰበሰባል፤ ለራሱ የሚሠራውንም ይቆጥራል። የጉዳትና የሕመም አሃዝ ግን ቀጣሪው ራሱ ከሚይዘው መዝገብ ይመጣል። በራሱ ትራክ የሚሠራ፣ ኡበር የሚነዳ እዚያ ውስጥ የለም። ወገቡን ታሞ "ሥራዬን አጣለሁ" ብሎ በታይሌኖል የሚያልፈውም የለም። እናም የአንድ አካባቢ ቁጥር ሲያንስ ወይ ሥራው ደህና ነው፣ ወይ ሰው ዝም ብሏል። አገር ቤትም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አደጋን እንዲመዘግብና ለሥራ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዛል። መዝገቡን የሚይዘው ቀጣሪው በሆነበት ሁሉ ጥያቄው ያው ነው።

የራሳችሁን መሥሪያ ቤት ግን መመርመር ትችላላችሁ። ከ10 ሠራተኛ በላይ ያላቸው አብዛኞቹ ድርጅቶች ከየካቲት 1 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የባለፈውን ዓመት ጉዳት የሚያሳይ 300ኤ የተባለ ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለባቸው። የጉዳቶቹን ድምር በ200,000 አባዙና በጠቅላላ የሥራ ሰዓት አካፍሉት። 200,000 የ100 ሰው የዓመት ሥራ ሰዓት ነው። ለምሳሌ በ600,000 ሰዓት 21 ጉዳት ካለ ውጤቱ 7 ይሆናል። በ2022 የግሉ ዘርፍ አማካይ 2.7፣ የትራንስፖርትና ዌርሃውስ 4.8 ነበር። ወረቀቱ ላይ ዜሮ ካያችሁና ጀርባውን ይዞ ቤት የቀረ ባልደረባ ካላችሁ፣ ነገሩ ገብቷችኋል። "የኤጀንሲ ሠራተኛ ነህ፣ አይመለከተንም" ማለትም አያዋጣም፤ የዕለት ሥራውን የሚመራው ድርጅት የመመዝገብ ግዴታ አለበት።

ካሳውም እንደ አካባቢው ይለያያል። ዳላስ ያለ ዘመዳችሁ የሚነግራችሁ እዚህ አይሠራም፤ ቴክሳስ ውስጥ የግል ቀጣሪ የሠራተኛ ካሳ መድን ላለመግባት መምረጥ ይችላል። ኦሃዮ ግን ግዴታ ነው፤ የሚያስተዳድረውም የክፍለ ግዛቱ የሠራተኞች ካሳ ቢሮ ነው። ለጉዳት ማመልከቻ የሚቀርበው አደጋው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ድሮ ሁለት ዓመት ነበር፣ በ2017 አጠረ፤ የቆዩ ሰዎች ዛሬም "ጊዜ አለህ" ሲሉ ይሰማል። አለቃው ባይፈልግ እንኳ ሠራተኛው ራሱ ወይም ሐኪሙ ማመልከት ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ "ሥራ ላይ ነው የተጎዳሁት" በሉ፤ "ቤት ወድቄ ነው" ብላችሁ ያስጻፋችሁት ቃል ኋላ ራሳችሁን ይሞግታል። በግላችሁ የምትሠሩ ሾፌሮች ሽፋኑን በፈቃዳችሁ መግዛት ትችላላችሁ።

የካሳ ቢሮው ስልክ 1-800-644-6292 ነው። የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪው ኦሻ በ1-800-321-6742 ይገኛል። ስለ ደህንነት በመናገሩ ወይም ጉዳቱን በማሳወቁ የተባረረ ሰው ለኦሻ አቤት የሚልበት ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው።