ባለ እጆቹ

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሴባስቶፖል ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ እዚያ አስፈስሰው፣ ለስድስት ወር ያህል በሰው ጉልበት አስጎትተው መቅደላ ያደረሱት፣ ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋ መድፍ። መድፉን ከሠሩት የጋፋት ፈረንጆች አብዛኞቹ ግን በሙያቸው መድፍ ሠሪ አልነበሩም። ኢትዮጵያ የገቡት መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነው።

የመጡት ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የክሪሾና ሚስዮን ትምህርት ቤት ነበር። የተቋሙ መሥራች ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ በ12ቱ ሐዋርያት ስም የሚጠሩ 12 ጣቢያዎችን የመዘርጋት ሕልም ነበረው። በጣቢያዎቹ የሚቀመጡት ሰዎች ቄሶች ሳይሆኑ አናጢዎች፣ ግንበኞችና ቀጥቃጮች ናቸው። በእጃቸው ሠርተው ያድራሉ፣ ጎን ለጎን ወንጌል ያስተምራሉ የሚል ሐሳብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ዮሐን ክራፕፍና ማርቲን ፍላድ መንገዱን ሊያጠኑ መጥተው አዲሱን ንጉሥ አገኙ። ቴዎድሮስ ሰባኪ አያስፈልጋቸውም ነበር። አገሩ ጥንትም ክርስቲያን ነው። የእጅ ባለሙያ ግን ከተገኘ ደስታቸው ነው።

ነገሩ ለደጋው ሰው ግራ የሚያጋባ ነበር። በአገሩ ወግ ብረት ቀጥቅጦ፣ ሸክላ ሠርቶ፣ ቆዳ አልፍቶ የሚያድር ሰው «ባለ እጅ» ይባላል። ቃሉ ሙያን ከመግለጽ አልፎ ንቀትና የቡዳ ሐሜት አለበት። በቤጌምድርና በጎንደር ዙሪያ ይህን ሸክም በብዛት የተሸከሙት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ ሚስዮናውያኑ እንዲያስተምሩ የተፈቀደላቸውም በዋናነት እነሱን ነው። እናም ባሕር አቋርጠው የመጡት ነጮች ከንጉሡ ዘንድ ሞገስ ያገኙት በዚያው በተናቀው የባለ እጅ ሥራ ሆነ። መንገድ ጠረጉ፣ ሠረገላ ሠሩ። በመጨረሻ መድፍ ሥሩ ሲባሉ «አናውቅም» ቢሉም ማምለጫ አልነበረም።

በሙያ መግቢያ የማግኘት ይህ ዐይነቱ ውል በቴዎድሮስ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1699 ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ አፄ ቀዳማዊ ኢያሱን ሊያክም ወደ ጎንደር ሲጓዝ፣ አገልጋዩ መስሎ የተከተለው ሰው የኢየሱሳውያን ካህን ነበር። ካህኑ ጎንደር ሳይደርስ በመንገድ ሞተ፤ ሐኪሙ ግን በቤተ መንግሥቱ በክብር ተቀመጠ። በ1830 ጎንደር የገባው ሚስዮናዊ ሳሙኤል ጎባትም ከዓመታት በኋላ የኢየሩሳሌም ጳጳስ ሆኖ ነው የክሪሾናን ሰዎች የላከው። የአገሩ በር ምን ሲሉት እንደሚከፈት ከልምድ ያውቃል።

ከጋፋት ሰዎች መካከል የቴዎፍል ዋልድማየር ዕድል ለብቻው የሚወራ ነው። የቴዎድሮስን ወዳጅ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ ደብረ ታቦር አካባቢ ዓመታት ኖረ፤ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁ በኋላ ከሌሎቹ ጋር አገሩን ለቆ ወጣ። ቀጥሎ የተገኘው ሊባኖስ ነው። በብሩማና ተራራ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1896 ደግሞ ከቤሩት አጠገብ አስፉሪየ በሚባል ቦታ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲመሠረት አደረገ። በዚያ ዘመን በአካባቢው የአእምሮ ሕመምተኛ በሰንሰለት እየታሰረ፣ ጋኔን ይውጣለት እየተባለ ይገረፍ ነበር። ጋፋት ላይ የመድፍ ምድጃ ሲነድ ያየው ሰው በስተርጅና ያን ሰንሰለት ለማስፈታት ሠራ።

ከደብረ ታቦር የወጣው ጥያቄ፣ እጅ ወይስ ስብከት የሚለው፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሕግ ሆኖ ተጻፈ። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ አገሩን ለሁለት ከፈለ። «ክፍት» በተባሉት አካባቢዎች ሚስዮናውያን እምነታቸውን መስበክ ይችሉ ነበር። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ በሚበዛበት ክልል ግን፣ ደጋው ጎንደርን ጨምሮ፣ የሚፈቀድላቸው ሆስፒታል መክፈትና ከሃይማኖት ነጻ የሆነ ትምህርት ቤት ማቋቋም ብቻ ነበር። መርፌው ይግባ፣ ስብከቱ ይቅር ማለት ነበር።

የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ሚስዮናውያን ደብረ ታቦር ላይ ሆስፒታል የተከሉት ይህ ሕግ ከመውጣቱም በፊት፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ነው። ከፋርጣ፣ ከእስቴና ከጋይንት በቃሬዛ ተጭኖ ለሚመጣው ገበሬ ሐኪሙ ቅዳሜን አከበረ እሑድን ብዙም የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም። ጸበሉንም አይተውም፤ ጣራ ገዳም ወይም ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሰንብቶ ያልለቀቀውን ሕመም ይዞ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ከሆስፒታል ወጥቶም ስለቱን ለታቦቱ ያገባል።

የዛሬው የሚስዮን ጉዞ ግን መልኩ ሌላ ነው። አንድ የውጭ አገር ቤተ ክርስቲያን ሐኪሞችንና በጎ ፈቃደኞችን ሰብስቦ፣ መድኃኒት በሻንጣ ጭኖ፣ ለሁለት ሳምንት ይመጣል። የሚሠራው ሥራ እውነተኛ ነው፤ ለዓመታት የታወረ ዓይን በቀዶ ሕክምና ይበራል፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሕፃን ይሰፋል። ችግሩ የሚጀምረው አውሮፕላኑ ሲነሣ ነው። ስፌቱ ሲያመረቅዝ ማን ያየዋል? የሕመምተኛው ካርድ በምን ቋንቋ ተጻፈ? የቀረው መድኃኒትስ? የዓለም የጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ አንድ መድኃኒት ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ሊቀረው ይገባል የሚል ድንጋጌ ያስገባው በየአገሩ የተጣለ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መከራ ስለሆነ ነው።

ለአጭር ጊዜ መጥቶ መቅረትም ግን አለ። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የመጡት በሦስት ዓመት ውል ነበር። ሁለቱም አጥባቂ ክርስቲያኖች ናቸው። ምጥ ለቀናት ጸንቶባቸው፣ ልጃቸው ሞቶ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከአውቶቡስ እንዲወርዱ የሚገደዱ፣ ከቤት የሚገለሉ ሴቶችን አይተው ውሉ ቢያልቅም አልሄዱም። በ1974 ፊስቱላ የሚባለውን ይህን የምጥ ጉዳት የሚያክም ሆስፒታል ከፈቱ። ሬጂናልድ በ1993 አረፉ፤ ካትሪን በ2020 እስኪያርፉ ድረስ አዲስ አበባን ቤታቸው አደረጉ።

የሃምሊኖች ትልቁ ሥራ ግን ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ማሚቱ ጋሼን የመሰሉ ሰዎች ናቸው። ማሚቱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በምጥ ተጎድተው እ.ኤ.አ. በ1962 ለመታከም የመጡ የገጠር ልጅ ነበሩ። ትምህርት ቤት አልገቡም። አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው፣ ከቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው እያቀበሉ፣ እያዩ፣ በኋላም ራሳቸው መስፋት ጀመሩ። በ1989 የለንደን የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ሲሸልም ማሚቱም ከተሸላሚዎቹ አንዷ ነበሩ። በ2005 ባሕር ዳር ላይ የፊስቱላ ማዕከል ተከፈተ፤ ከስማዳ ወይም ከእብናት ለምትመጣ ሴት አዲስ አበባ ድረስ የነበረው ጉዞ አጠረ። በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከተለ። ተማሪዎቹ ከየገጠሩ ተመርጠው፣ ተመርቀው፣ ወደየገጠሩ የሚመለሱ ናቸው።

በደቡብ ጎንደር ይህ የአገሩን ሰው የማሠልጠን መንገድ በዓይን ሕክምናም ታይቷል። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በሽታው እየተመላለሰ በዓይን ቆብ ውስጥ ጠባሳ ይተዋል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። እያንዳንዱ እርግብግብታ እንደ አሸዋ ይኮሰኩሳል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በዞኑ ወረዳዎች የትራኮማ መከላከል ሥራውን የደገፈው የካርተር ማዕከል የሃይማኖት ድርጅት አይደለም፤ መሥራቹ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ግን በትውልድ መንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ለአሥርት ዓመታት ሰንበት ትምህርት ያስተማሩ ሰው ነበሩ። መድኃኒቱ ዚትሮማክስ በፋይዘር እየተለገሰ ይመጣል። ፊት የሚያስታጥበው፣ ሽንት ቤት የሚያስቆፍረው፣ ቆቡን ቀድዶ የሚያስተካክለው ግን የአገሩ ጤና ባለሙያ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚሠራው በጤና ጣቢያ፣ ለዚሁ በሠለጠነ ነርስ ነው፤ ዶክተር አያስፈልገውም። አንዲት እናት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው ይገባሉ። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር የተንጠለጠለች ትንሽ ወረንጦ አለች፤ ዓመቱን ሙሉ ጎረቤት ወይም ልጅ ሽፋሽፍታቸውን የነቀለላቸው በእሷ ነው። ነርሱ በራሱ አገር አማርኛ «እማማ፣ ቀና ይበሉ፤ መርፌዋ ትንሽ ታማለች» ይላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓይናቸው በጨርቅ ተሸፍኖ ይነሣሉ። በማግስቱ ጨርቁ እንዲፈታ፣ ከቀናት በኋላም ስፌቱ እንዲወጣ ተነግሯቸው፣ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወደ ቤታቸው ያዘግማሉ። በቀጠሮው ቀን ጤና ጣቢያው የት እንዳለ ያውቁታል፤ ነርሱም እዚያው ነው።