የቤት ኮምፒዩተርና የራዲዮ ጩኸት

በሐርጌሳ ከተማ፥ በአሕመድ ዳጋህ ሰፈር፥ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠዋል እንበል። ሽማግሌው የራዲዮ ሐርጌሳን ዜና ለመስማት ጆሮአቸውን አዘንብለዋል፤ ወጣቱ ላፕቶፑን ከፍቶ ያጠናል። ራዲዮው ግን እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ይጮኻል። ሽማግሌው «ይህን ዕቃ አጥፋው» ይላሉ፤ ልጁም «ነገ ፈተና አለብኝ» ብሎ ይለምናል። በዚህ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ይቅር ብሎ መፍረድ ለማንም አይበጅም፤ አስፈላጊም አይደለም።

ራዲዮ ሐርጌሳ የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፥ ለረጅም ዘመን በአጭር ሞገድ ሲሰማ የኖረ ጣቢያ ነው። በአጭርና በመካከለኛ ሞገድ የሚተላለፈው ድምፅ የሚጓዘው በሞገዱ ጉልበት መጨመርና መቀነስ ስለ ሆነ፥ የኤሌክትሪክ ረብሻ በቀላሉ ይቀላቀልበታል። ኤፍ ኤም የሚባለው ስርጭት ግን ይህን ይበልጥ ይቋቋማል።

ችግሩ ከቤት ኮምፒዩተር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1975 ስቲቭ ዶምፒየር የተባለ አሜሪካዊ፥ አልቴር 8800 ከተባለው ኮምፒዩተር አጠገብ ራዲዮ አስቀምጦ፥ ረብሻውን በዘዴ አቀናብሮ ዜማ አሰማበት። የሌሎች ኮምፒዩተሮች ጎረቤቶች ግን ዜማ አልደረሳቸውም። በ1979 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን የረብሻውን ወሰን ደነገገ፤ በ1977 ለገበያ የቀረበው የቲአርኤስ 80 የመጀመሪያ ዓይነትም ደንቡን ስላላሟላ መሠራቱ ቀረ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አስቀድሞ የሚያስፈልገው ጥፋተኛውን ለይቶ ማወቅ ነው። ራዲዮውን በባትሪ ድንጋይ ያሠሩት፤ የላፕቶፑንም ቻርጀር ከግድግዳው ነቅለው ኮምፒዩተሩ በራሱ ባትሪ ይሥራ። ጩኸቱ ጸጥ ካለ፥ ጥፋቱ የቻርጀሩ እንጂ የኮምፒዩተሩ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም የሚገኘው እንዲህ ነው። ቻርጀሩ ኤሌክትሪኩን በሰኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚያስተላልፍ ረብሻ ይወልዳል፤ ገመዱም እንደ አንቴና ሆኖ ይረጨዋል። ደግ ሠሪ ይህን የሚያግድ ማጣሪያ በውስጡ ያኖራል፤ ርካሹ ቻርጀር ግን የረከሰው አንዳንድ ጊዜ ማጣሪያው ስለ ቀረበት ነው። ጩኸቱ ካልጠፋ ኮምፒዩተሩን፥ አምፖሎቹን፥ የሶላሩንም ኢንቨርተር በየተራ ያጥፉ። የቤቱ መብራት ሁሉ ጠፍቶም ራዲዮው ከጮኸ፥ ረብሻው የሚመጣው ከጎረቤት ነውና፥ በትሕትና ሄዶ ማነጋገር ይገባል።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ራዲዮውን ከኮምፒዩተሩ ጥቂት እርምጃ ማራቅ፥ ከአንድ ማከፋፈያ ላይም አለመሰካት ብዙ ያቀላል። በመካከለኛ ሞገድ የሚያዳምጥ ሰው ራዲዮውን ቀስ ብሎ ያዙረው፤ በውስጡ ያለው አንቴና አቅጣጫ የሚመርጥ ስለ ሆነ፥ ጩኸቱ የሚደክምበት ቦታ ይገኛል። ፌራይት የሚባል ጥቁር ቀለበትም አለ፤ በብዙ ገመዶች ጫፍ ላይ እንደ እብጠት ሆኖ የሚታየው እርሱ ነው። የቻርጀሩን ገመድ በቻርጀሩ አቅራቢያ በዚህ ቀለበት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቢያዞሩት፥ ረብሻውን የማገድ ኃይሉ አንድ ጊዜ ካለፈው እስከ 9 እጥፍ ይደርሳል። ለአጭር ሞገድ ደግሞ አንቴናውን ከቤት ውጭ፥ ከመብራት ገመድ ርቆ መዘርጋት ይጠቅማል።

በቴሌቪዥን ላይ ረብሻው እንደ ድሮው መስመር ሆኖ አይታይም፤ በዲጂታሉ ሥዕሉ ቆሞ ይቀራል፥ ወይም በትንንሽ አራት ማዕዘን ይበታተናል። በዚህ ጊዜ የአንቴናው ገመድ መጋጠሚያ ላልቶ ወይም ዝጎ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይታይ።

ቻርጀሩን ከፍቶ ለመጠገን ግን ማንም በቤቱ አይሞክር፤ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል።