ዱባይ ወይስ አቡ ዳቢ? ከከተማው በፊት የልጆቹን ትምህርት ቤት ምረጡ

"ከዱባይና ከአቡ ዳቢ የቱ ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ቀላል ነው። ሥራው ያለበት ይሻላል፣ አለቀ። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ አያልቅም። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዋናነት ለአገሬው ዜጎች የተዘጋጁ ናቸው፤ የሚያስተምሩትም በአብዛኛው በአረብኛ ነው። ስለዚህ አብዛኛው የውጭ ዜጋ ልጁን የሚያስገባው የግል ትምህርት ቤት ነው፣ ከኪሱ እየከፈለ። ደሞዙን ብቻ አይቶ የተነሳ ቤተሰብ ዓመት ሳይሞላው እናትና ልጆች ወደ አገር ቤት፣ አባት ደግሞ ወደ ቤድ ስፔስ የሚመለሱት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱን ከተሞች በቤተሰብ ዓይን እያወዳደርን እናያለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ በር አለ።

የመጀመሪያው በር፦ ቤተሰብ ማምጣት ይፈቀድላችኋል?

በኤምሬትስ ሕግ አንድ የውጭ ሠራተኛ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን በራሱ ስም ለማምጣት ደሞዙ ቢያንስ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ድርሃምና ከአሠሪው የሚሰጥ ቤት መሆን አለበት። ይህ በሁለቱም ከተሞች ያው ነው። ልብ በሉ፣ ይህ የቪዛ ዝቅተኛ መስፈርት እንጂ የኑሮ ሒሳብ አይደለም። በ4,000 ድርሃም ቪዛ ሊወጣ ይችላል፤ ልጅ ማስተማር ግን በጣም ይከብዳል። በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ አብዛኞቹ እህቶቻችን ደግሞ ይህ በር ከነጭራሹ የተዘጋ ያህል ነው።

ሌላው፣ የልጆቹ ቪዛ የሚንጠለጠለው በአባት ወይም በእናት ሥራ ላይ ነው። ሥራው ሲቋረጥ የተወሰነ የእፎይታ ጊዜ ቢኖርም የቤተሰቡ መኖሪያ ፈቃድ አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አስተማማኝ ያልሆነ ሥራ ይዞ ውድ ትምህርት ቤት መግባት ልጁን በዓመት አጋማሽ ከክፍል ሊያስወጣው ይችላል።

ትምህርት ቤቶቹ

ዱባይ ከ220 በላይ የግል ትምህርት ቤቶች አሏት። የእንግሊዝ፣ የሕንድ፣ የአሜሪካ፣ የኤምሬትስ፣ የፈረንሳይ፣ የፓኪስታንና የፊሊፒንስ ሥርዓተ ትምህርት ሁሉም አለ። የዋጋው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው፤ በዓመት ከ10,000 ድርሃም በታች የሚያስከፍሉ አሉ፣ ከ100,000 ድርሃም በላይ የሚያስከፍሉም አሉ። ዝቅ ያለ ክፍያ ያላቸውን የሕንድ ትምህርት ቤቶች የሚፈልግ እንደ አል ቁሳይስ ያሉ ሰፈሮችን ያያል።

አቡ ዳቢም ተመሳሳይ ዓይነት ምርጫ አላት። ነገር ግን ስለ አቡ ዳቢ ቁጥር ስትሰሙ ኤምሬቱን በሙሉ ሊሆን ስለሚችል አጣሩ። ከዋናው ከተማ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው አል አይንም በዚያው ሥር ናት። በከተማው ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከደሴቱ ወጣ ብለው እንደ ሙሳፋህ፣ መሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲና ኻሊፋ ሲቲ ባሉ ሰፈሮች ይገኛሉ። ቤት በደሴቱ መሐል፣ ትምህርት ቤት ከደሴቱ ውጭ ከሆነ ልጁ በየቀኑ ድልድይ ተሻግሮ ሊመላለስ ነው ማለት ነው።

ጥራቱን የሚቆጣጠረው አካል በየከተማው ይለያያል። በዱባይ በ2006 የተቋቋመው ኬ ኤች ዲ ኤ የተባለው ባለሥልጣን ነው፤ በአቡ ዳቢ ደግሞ አዴክ የሚባለው የትምህርት መምሪያ ነው። ሁለቱም ለትምህርት ቤቶች ከ"እጅግ የላቀ" እስከ "እጅግ ደካማ" ድረስ ደረጃ ሰጥተው ሪፖርቱን ለሕዝብ ይፋ ያደርጋሉ። ሪፖርቱን ስታነቡ ቀኑን እዩ። ዱባይ በ2024–25 የትምህርት ዘመን የተለመደውን ሙሉ ፍተሻ ስላላካሄደች፣ በበሩ ላይ "በጣም ጥሩ" ብሎ የለጠፈ ትምህርት ቤት ደረጃውን ያገኘው ከዓመታት በፊት ሊሆን ይችላል።

ትምህርት ቤቶች በፈለጉት ጊዜ ዋጋ መጨመርም አይችሉም። በዱባይ የጭማሪው ጣሪያ በየዓመቱ ይወሰናል፤ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን 2.35 በመቶ ነበር። በአቡ ዳቢም ያለ አዴክ ፈቃድ ክፍያ አይጨመርም። ይህ ለወላጅ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የዛሬውን ክፍያ ካወቃችሁ የከርሞውን መገመት ትችላላችሁ።

ሒሳቡ

ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል። እስቲ በምሳሌ እንየው። አባት በወር 12,000 ድርሃም ያገኛል እንበል፣ በዓመት 144,000። ሁለት ልጆች አሉ። ለእያንዳንዳቸው የትምህርት ክፍያ 15,000፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ 3,500፣ ዩኒፎርምና መጽሐፍ 1,500 ብንል ለአንድ ልጅ 20,000፣ ለሁለቱ 40,000 ይሆናል። የቤት ኪራይ 60,000 እንበል። ከ144,000 ውስጥ 100,000 ሄደ። የቀረው 44,000 በወር ሲካፈል ከ3,700 ድርሃም በታች ነው። ምግብ፣ መብራትና ውሃ፣ ስልክ፣ ታክሲ፣ ለእናት ለአባት የሚላከው ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው። 12,000 ድርሃም ሲሰሙት ብዙ ነው፤ ሲያካፍሉት ግን እንዲህ ነው።

በዚህ ላይ የመግቢያ ወጪ አለ። ኪራይ በአብዛኛው በወር ሳይሆን በቼክ አስቀድሞ ለወራት ይከፈላል። በዱባይ ለመብራትና ውሃ ብቻ ለአፓርታማ 2,000 ድርሃም ማስያዣ ይጠየቃል፤ ከዓመታዊው ኪራይ 5 በመቶ የማዘጋጃ ቤት ክፍያም በየወሩ ከመብራት ሒሳቡ ጋር ተካፍሎ ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት በደሞዝ ብቻ ለመወጣት አታስቡ።

አቡ ዳቢ እዚህ ላይ አንድ ዕድል አላት። የአገሪቱ ዋና ከተማና የነዳጁ ማዕከል ስለሆነች በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በነዳጅ ዘርፍ የሚቀጠሩ ሰዎች ከደሞዝ ሌላ የቤትና የልጆች ትምህርት አበል ሊሰጣቸው ይችላል። ከላይ ባለው ምሳሌ 40,000 ድርሃሙን ቀጣሪው ቢሸፍን የቤተሰቡ የወር ቀሪ ወደ 7,000 ያድጋል። የ1,000 ድርሃም የደሞዝ ጭማሪ በዓመት 12,000 ብቻ ነው። ስትደራደሩ የቱን እንደምትጠይቁ ከዚህ ማየት ይቻላል።

መንገዱ

ሁለቱ ከተሞች 140 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፣ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ከዱባይ ኢብን ባቱታ ጣቢያ አቡ ዳቢ የሚወስድ አውቶቡስም አለ፣ ዋጋው 25 ድርሃም ነው። "አንዱ ጋ እየኖርን ሌላው ጋ እንሠራለን" የሚሉ ሰዎች አሉ። ለላጤ ያስኬድ ይሆናል። ልጅ ያለው ሰው ግን ያስብበት፤ ልጁ ከሰዓት በኋላ አሞት ትምህርት ቤቱ ቢደውል ወላጁ 140 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው የሚገኘው።

መኪና ለሌለው ቤተሰብ ዱባይ ትቀላለች። ከ2009 ጀምሮ ሜትሮ አላት፤ የሴቶችና የሕፃናት ፉርጎም አለው። አቡ ዳቢ ሜትሮ የላትም፣ በአውቶቡስና በታክሲ ነው። በአንጻሩ አቡ ዳቢ የዱባይን ያህል ግርግር የለባትም።

ኪራይ ሽሽት ሻርጃ ገብተው ዱባይ የሚሠሩም ብዙ ናቸው። የሻርጃና የዱባይ መንገድ የጠዋትና የማታ መጨናነቅ የታወቀ ነው። ሌላም አለ፦ ከ2022 ጀምሮ በሻርጃ ዓርብ ሙሉ ቀን ዕረፍት ሲሆን ዱባይና አቡ ዳቢ ግን ዓርብ ግማሽ ቀን ይሠራሉ። ልጆቹ ሻርጃ የሚማሩ፣ ወላጆቹ ዱባይ የሚሠሩ ከሆነ ዓርብ ጠዋት ልጆቹን ማን ይይዛል?

ከአገር ቤት ሲኬድ የሚያደናቅፉ ነገሮች

የትምህርት ዘመኑ አንድ ዓይነት አይደለም። የእንግሊዝና የአሜሪካ ሥርዓት የሚከተሉት ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ስለሚጀምሩ፣ ሰኔ ላይ ክፍሉን ለጨረሰ የኢትዮጵያ ተማሪ ይገጥማሉ። የሕንድና የፓኪስታን ትምህርት ቤቶች ግን የሚጀምሩት በፈረንጅ ሚያዝያ ነው። መስከረም ላይ ለሄደ ልጅ ግማሽ ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

የክፍል አቆጣጠሩም ያሳስታል። በእንግሊዝ ሥርዓት "የር 7" የሚባለው 6ኛ ክፍል ነው። ልጃችሁ ክፍል የዘለለ ወይም የወደቀ መስሏችሁ እንዳትደናገጡ።

ሰነድ አገር ቤት እያላችሁ ጨርሱ። የትምህርት ማስረጃውና መልቀቂያው በኢትዮጵያ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች፣ ከዚያም አዲስ አበባ ባለው የኤምሬትስ ኤምባሲ እንዲረጋገጥ ሊጠየቅ ይችላል። የልደት ቀን በየሰነዱ አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። አንዱ ወረቀት በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ከሆነ ልጁ በሰባት በስምንት ዓመት ያንሳል ወይም ይበልጣል። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ የእኛ ኤምባሲ ያለው አቡ ዳቢ፣ ቆንስላ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ዱባይ ስለሆነ በዚህ በኩል ሁለቱም ከተሞች ያው ናቸው።

አረብኛ በግል ትምህርት ቤቶችም የግዴታ ትምህርት ነው። አማርኛውን ግን ከቤት በቀር ማንም አያስተምርላችሁም።

እንግዲህ የቱ ለማን?

ቀጣሪው የትምህርትና የቤት አበል የሚሰጥ፣ ሥራውም አቡ ዳቢ የሆነ ቤተሰብ አቡ ዳቢ ቢገባ ይሻለዋል፤ ቤቱን ከትምህርት ቤቱ ጋር በአንድ በኩል ይያዝ። አበል የሌለው፣ መኪና የሌለው፣ ዝቅ ያለ ክፍያ ያለው ትምህርት ቤት አማርጦ መያዝ ያለበት ቤተሰብ በዱባይ የተሻለ ዕድል አለው። ባልና ሚስት በየፊናቸው ሁለቱ ከተሞች ላይ የሚሠሩ ከሆነ ልጆቹ ወደ ቤት ቀድሞ የሚገባው ወላጅ ባለበት ከተማ ይማሩ። ትምህርትና ኪራይ ተቀንሶ የሚቀረው ቤተሰቡን የማያኖር ከሆነ ደግሞ ልጆቹን አገር ቤት አቆይቶ አንድ ዓመት ብቻውን የሠራ ወላጅ አልተሸነፈም፤ ልጆቹን በዓመት አጋማሽ ከክፍል ከማስወጣት አድኗቸዋል።

ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። መጀመሪያ በክፍያው ልክ ሦስት ትምህርት ቤቶች ምረጡ። ቀጥሎ ለልጆቻችሁ ክፍል ቦታ እንዳላቸው ጽፋችሁ ጠይቁ፤ ሁለት ልጆች ካሏችሁ ለሁለቱም መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ በዚያው ሰፈር ኪራይ ስንት እንደሆነ እዩ። ይህ ሁሉ ከሥራ ኮንትራቱ ፊርማ በፊት ይሁን፣ ምክንያቱም የትምህርት አበል መጠየቅ የሚቻለው ሳይፈረም ነው።